ከሌጦ ዋጋ ጀርባ ያለው ውሃ፦ ሬዚን ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚሠራውና የማይሠራው

ከቦረና ወይም ከሶማሌ ክልል ተነስቶ ሞጆ ወይም ቢሾፍቱ ካለ የኤክስፖርት ቄራ የሚደርስ ፍየል ሁለት ገበያ ተሸክሞ ይገባል። ሥጋው ቀዝቅዞ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳል፤ ሌጦው ደግሞ ወደ ቆዳ ፋብሪካ። ቄራው ለፍየሉ ዋጋ ሲሰጥ ከሁለቱም የሚያገኘውን አስልቶ ነው። ሌጦው ገዥ ሲያጣ ጉድለቱ ቄራው ጋ አይቀርም፤ ለነጋዴው በሚሰጠው ዋጋ ላይ ይወጣል፤ ነጋዴው ደግሞ ከአርብቶ አደሩ ሲገዛ ይቀንሰዋል።

ሌጦ ገዥ የሚያጣው በብዙ ምክንያት ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ ገበያውን ተሻምቷል። የቢላ ቅድና የእከክ ጠባሳ ደረጃውን ያወርዱታል። በበረትና በድንበር ገበያ ብዙም የማይወራው ሌላው ምክንያት ግን ውሃ ነው፤ ፋብሪካው ተጠቅሞ የሚለቀው ቆሻሻ ውሃ። ይህን ውሃ ለማጣራት ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ ሬዚን የሚባለው ነው። ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራና ወጪው በሌጦው ዋጋ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ማወቅ ለከብት ነጋዴም ይጠቅማል።

ውሃው ለምን የነጋዴ ጉዳይ ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1996 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታሚል ናዱ ግዛት የፓላርን ወንዝ አካባቢ በበከሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ላይ ፈረደ። እያንዳንዱ ፋብሪካ 10 ሺህ ሩፒ እንዲቀጣ፣ ማጣሪያ የሌለውም እንዲዘጋ አዘዘ። በባንግላዴሽ ደግሞ በ2017 ዳካ ከተማ ሃዛሪባግ ሰፈር ለነበሩት ፋብሪካዎች መብራትና ጋዝ ተቆረጠባቸው፤ ሳቫር ወደሚባል ቦታም ተዛወሩ። በአዲሱ ቦታ የተሠራው የጋራ ማጣሪያ ግን እንደታሰበው አልሠራም። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ትልልቅ ገዥዎች የሚጠይቁትን የአካባቢ ጥበቃ ምስክር ወረቀት ማግኘት አቃታቸው፤ ቆዳቸውንም በዝቅተኛ ዋጋ ለመሸጥ ተገደዱ። በ2019 የአረፋ በዓል የጥሬ ቆዳ ዋጋ እጅግ ስለወደቀ ሰዎች ቆዳውን እየቀበሩና እየጣሉ ታዩ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ያልተጣራው ውሃ ግን አንዱ ነበር።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬ ቆዳና ሌጦ ኤክስፖርት ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ ኬንያም በጥሬ ቆዳ ላይ ከፍተኛ የኤክስፖርት ቀረጥ ስትጥል ቆይታለች። ዓላማው ቆዳው አገር ውስጥ እንዲለፋ ነው። ለነጋዴው ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ እንዲህ ባለ ቀረጥ ሥር ሌጦው የሚወጣበት በር በአመዛኙ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ውሃውን የሚለቅበት ካጣ በሩ ይዘጋል። ሌጦ ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም፤ ጨው ካልነካው በሰዓታት ውስጥ መበስበስ ይጀምራል። በኢትዮጵያ በበዓላት ማግስት መንገድ ዳር ተጥሎ የሚታየው ሌጦ ገዥ ያጣ ገበያ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

በፍሳሹ ውስጥ ምን አለ?

አንድ ቶን ጨው የገባበት ጥሬ ቆዳ ፋብሪካ ገብቶ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ ሲወጣ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይሆናል። የቀረው ጸጉር፣ ስብ፣ ሥጋ፣ ፕሮቲንና ጨው ነው። ገሚሱ በደረቅ ቆሻሻነት ይወገዳል፤ ገሚሱ በውሃ ይታጠባል። በተለመደው አሠራር ለዚህ አንድ ቶን ቆዳ ከ30 እስከ 50 ሜትር ኩብ ውሃ ያልቃል፤ ይህም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሊትር መሆኑ ነው።

በውሃው ውስጥ የሚገኘው ነገር በአራት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው፦ ጸጉር፣ ስብና የሥጋ ቁራጭ። ሁለተኛው የሟሟ ጨውና እንደ ክሮም ያለ ማዕድን ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከተጨመረለት ክሮም የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ያህል ሲሆን ቀሪው ከውሃው ጋር ይወጣል። ሦስተኛው ባክቴሪያ ሊበላው የሚችል የሟሟ ፕሮቲንና ስብ ነው። አራተኛው ደግሞ ባክቴሪያ የማይበላው ወይም ለመብላት ረጅም ጊዜ የሚወስድበት የካርቦን ውሁድ ነው። የማቅለሚያ ቀለም፣ ፌኖል፣ ከዛፍ ቅርፊት የሚገኝ ታኒን፣ ሰው ሠራሽ ማልፊያ፣ እንዲሁም ከእንስሳው ጸጉር ላይ ታጥቦ የሚወርድ የመዥገር መድኃኒት እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ሬዚን የሚፈለገው በዋናነት ለዚህ ለአራተኛው ነው።

ሬዚን ምንድን ነው?

ሬዚን ከፕላስቲክ ዘር የሚሠራ ደቃቅ እንክብል ነው። አብዛኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ በእጅ ሲዘገን ጤፍ ወይም ዳጉሳ ይመስላል። እንክብሉ ከውጭ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ውስጡ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ቢዘረጋ የሚሸፍነው ስፋት ያስገርማል፦ ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ሬዚን አንድ ግራሙ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ይኖረዋል። ከአሥር ግራም ያነሰ ሬዚን ቢዘረጋ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያለብሳል ማለት ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ቆሻሻ የሚጣበቀው በዚህ ግድግዳ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንክብሉ ረጅም ሲሊንደር ውስጥ ይሞላል፤ ውሃው ከላይ ገብቶ በእንክብሎቹ መካከል እያለፈ ከታች ይወጣል። ቆሻሻው እንክብሉ ላይ ይቀራል። እንክብሉ እስኪሞላ ድረስ ከታች የሚወጣው ውሃ የጠራ ነው። ሲሞላ ግን ቆሻሻው ማለፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ ሬዚኑም ይታጠባል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አዳምስና ሆልምስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1935 ከፌኖል የተሠራ ሬዚን ከውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው ሊይዝ እንደሚችል አሳዩ። በ1940ዎቹ ዳሌሊዮ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ዛሬ በሰፊው የሚሠራበትን የፖሊስታይሪን ዓይነት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እንክብሉን ለተፈለገው ቆሻሻ እንዲስማማ አድርጎ ማሻሻል ሆነ።

«የተሻሻለ» ሲባል ምን ተደረገለት?

ተራው ፖሊስታይሪን ዘይትነት ያለውን ነገር ይስባል፤ በውሃ ውስጥ በደንብ የሚሟሟውን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ይሻሻላል። ማሻሻያው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ቀዳዳውን ማብዛት ነው። የእንክብሉ የውስጥ ክሮች እርስ በርስ ተጨማሪ ቦታ ላይ እንዲተሳሰሩ ይደረጋል፤ ሲተሳሰሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበዛሉ። ይህን መንገድ በሶቪየት ኅብረት ዘመን በሞስኮ ዳቫንኮቭና ፅዩሩፓ የተባሉ ኬሚስቶች አሳድገውታል። እንደ ፌኖል ላለ ትንሽ ሞለኪውል ጥሩ ነው።

ሁለተኛው በግድግዳው ላይ ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው መያዣ መትከል ነው። አሚን የተባለ ናይትሮጅን ያለበት ውሁድ ሲተከል እንክብሉ አዎንታዊ ይሆናል። ቆዳ የሚቀልምባቸው አብዛኞቹ ቀለሞች ደግሞ በውሃ ውስጥ አሉታዊ ስለሆኑ ይሳሳባሉ። በተቃራኒው አሉታዊ መያዣ ሲተከል አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ይይዛል።

ሦስተኛው የብረት ኦክሳይድ ጨምሮ እንክብሉን ለማግኔት የሚሳብ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለው ደቃቅ ሬዚን በገንዳ ውስጥ ከውሃው ጋር ይማሰላል፤ ማሰሉ ሲቆም ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተሳስበው ቶሎ ይዘቅጣሉ። በአውስትራሊያ ይህ ዓይነት ሬዚን በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለን የበሰበሰ ዕፅዋት ቀለም ለማውጣት ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አገልግሏል።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው፦ «ሬዚን» ሲባል አንድ ዕቃ አይደለም። ለፌኖል የሚሠራው ለቀለም ላይሠራ ይችላል። አቅራቢ መጥቶ ማንኛውንም ፍሳሽ የሚያጠራ ሬዚን አለኝ ካለ ፋብሪካው የራሱን ውሃ አስሞክሮ ውጤቱን ማየት አለበት።

ሲሞላ ምን ይደረጋል?

ሬዚን በኪሎ ሲገዛ ለማጣሪያ ከተዘጋጀ ከሰል በብዙ ይወደዳል። ሆኖም ከሰሉ ሲሞላ እንደገና እንዲሠራ ከ800 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ መቃጠል አለበት፤ ያ ምድጃ ከሌለ ይጣላል። ሬዚን ግን እዚያው ሲሊንደሩ ውስጥ እንዳለ ታጥቦ ደጋግሞ ይሠራል። ፌኖል የያዘው በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፤ ፌኖሉ በሶዳው ውስጥ ሙል ስለሚይዝ ግድግዳውን ለቅቆ ይወጣል። ቀለም የያዘው ባለ አሚን ሬዚን ብዙውን ጊዜ በወፍራም የጨው ውሃ ይታጠባል፤ አንዳንዴ አልኮል ይጨመርበታል። ውድ የሆነው ዕቃ የሚያዋጣው በዚህ ነው፦ ስንት ጊዜ ታጥቦ ይመለሳል? መቶ ጊዜ የሚመለስ ሬዚንና አሥር ጊዜ ብቻ የሚመለስ ሬዚን በአንድ ዋጋ ቢገዙም ወጪያቸው አንድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን መሸሸግ የለበትም። ሬዚን ቆሻሻን አያጠፋም፤ ከብዙ ውሃ ሰብስቦ ወደ ጥቂት ውሃ ያዛውረዋል። የታጠበበት ውሃ ጥቂት ነው፤ ግን እጅግ የከበደ ነው። ይህን ማትነን፣ ማቃጠል ወይም ለሚመለከተው አስወጋጅ መስጠት ግድ ነው። በሌሊት ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ሬዚኑ ምንም አልሠራም፤ መርዙ በየቀኑ በጥቂቱ መውጣቱ ቀርቶ በአንድ ጊዜ ወጣ፣ ይኸው ነው።

ለምን ብቻውን አይበቃም?

ሒሳቡ በምሳሌ ሲታይ ይቀላል። በቀን 500 ሜትር ኩብ ውሃ የሚለቅ ፋብሪካ እንውሰድ። ጥሬው ፍሳሽ በሊትር 5 ግራም የካርቦን ቆሻሻ ቢኖረው በቀን 2,500 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ሊትር ሬዚን 50 ግራም ይይዛል ብንል በየቀኑ 50 ሺህ ሊትር ሬዚን መሙላትና ማጠብ ሊያስፈልግ ነው። ይህን የሚችል ፋብሪካ የለም።

አሁን ደግሞ ውሃው አስቀድሞ ተወንፍቶ፣ ሰልፋይዱ በአየር ተቃጥሎ፣ ክሮሙ ለብቻው ተሰብስቦ፣ ዝቃጩ ወርዶ፣ ባክቴሪያም የሚበላውን በልቶ የቀረው በሊትር 0.1 ግራም ብቻ ነው እንበል። በቀን 50 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሬዚን 1,000 ሊትር ነው። አምሳ እጥፍ ልዩነት አለው። ቁጥሩ ለምሳሌ የተወሰደ ቢሆንም መልእክቱ ለማንኛውም ፋብሪካ ይሠራል፦ ሬዚን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ማጣሪያ ነው፤ ፊተኛው ሥራ ካልተሠራ ገንዘብ ይበላል እንጂ ውሃ አያጠራም።

በገንዘብ ብቻ አያበቃም። ስብና ጸጉር ወደ ሲሊንደሩ ከገቡ በእንክብሎቹ መካከል ያለውን መንገድ ይዘጋሉ። እንደ ታኒንና ፕሮቲን ያሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ቀዳዳው ውስጥ ተወትፈው በማጠቢያም አልወጣ ይላሉ። ያን ጊዜ ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ሬዚን በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጣላል።

ጨው፦ ከቄራው የሚጀምረው ችግር

የነጋዴውና የሰብሳቢው እጅ ያለበት ቦታ እዚህ ነው። ሌጦ እንዳይበላሽ የክብደቱን ሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆን ጨው ይበተንበታል። ፋብሪካ ሲደርስ ይዘፈዘፋል፤ ጨውም ወደ ውሃው ይገባል። ባክቴሪያ ጨው አይበላም፤ ኖራም ሆነ አሉም አያወርደውም።

ባለ አሚን ሬዚን የሚታጠበው በጨው ውሃ መሆኑን እናስታውስ። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብዛቱን ተጠቅሞ ቀለሙን ከመያዣው ገፍቶ ያስወጣል። እንግዲህ የሚጣራው ፍሳሽ ራሱ ጨዋማ ከሆነ ሬዚኑ በአንድ በኩል እየሞላ በሌላ በኩል እየታጠበ ነው ማለት ነው፤ የሚይዘው ይቀንሳል፣ የማጠቢያው ጊዜ ይቀርባል፣ ወጪው ይጨምራል። ፌኖልን በመጣበቅ ብቻ የሚይዘው ሬዚን በጨው አይጎዳም፤ ለቀለም የሚያገለግለው ግን ይጎዳል።

በታሚል ናዱ የተለመደው መፍትሔ የመዘፍዘፊያውን ውሃ ከሌላው ለይቶ ሰፊ ጠፍጣፋ ገንዳ ላይ በፀሐይ ማትነን ነው። ሌጦው ከመዘፍዘፉ በፊት በወንፊት መሰል ጠረጴዛ ወይም ከበሮ ላይ ተራግፎ ትርፍ ጨው እንዲወርድም ይደረጋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ የተለየ ዕድል አለ፦ ሞጆ ላይ የኤክስፖርት ቄራውና የቆዳ ፋብሪካው በአንድ ከተማ ናቸው። የተገፈፈ ሌጦ በዚያው ዕለት፣ በሰዓታት ውስጥ ከቄራ ወደ ፋብሪካ ከደረሰና ወዲያው ከተዘፈዘፈ ያን ሁሉ ጨው አይፈልግም። ለዚህ ግን ፋብሪካው ስንት ሌጦ በየትኛው ቀን እንደሚመጣለት አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ይህም ነጋዴው እንስሳውን በቀጠሮው በማድረሱ ላይ ይመሠረታል።

በአንድ ሌጦ ስንት ይደርሳል?

አንድ ኪሎ ሌጦ 30 ሊትር ውሃ ይፈጃል ብንል 1.5 ኪሎ የሚመዝን የፍየል ሌጦ 45 ሊትር ይፈጃል። አንድ ሜትር ኩብ ለ22 ሌጦ ይደርሳል ማለት ነው። የመጨረሻው ማጣሪያ በሜትር ኩብ 44 ብር ተጨማሪ ወጪ ያመጣል ብንል በአንድ ሌጦ 2 ብር ነው። የ44 ብሩ ቁጥር ለስሌት የተወሰደ ነው፤ ነጋዴው ትክክለኛውን ዋጋ ከፋብሪካው ጠይቆ በዚሁ መንገድ ሊያሰላው ይችላል።

ይህ ወጪ በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ ወደ ሌጦው ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ ፋብሪካ «ለማጣሪያ ብዬ ቀነስኩ» ሲል ነጋዴው የቀነሰውን ብር ከስሌቱ ጋር ማስተያየት አለበት። ሌላኛው ሚዛን ግን መረሳት የለበትም። ማጣሪያው ጥቂት ብር ይቀንስ ይሆናል፤ የተዘጋ ፋብሪካ ግን የሌጦውን ዋጋ በሙሉ ይወስዳል፤ በዱቤ የተሰጠ ሌጦ ካለም ገንዘቡን ይዞ ይዘጋል።

ነጋዴው ሊጠይቅና ሊያደርግ የሚችለው

ሌጦ በብዛት ለሚያቀርብ ወይም ሌጦን አስልቶ ከሚገዛ ቄራ ጋር ለሚሠራ ሰው አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ፋብሪካው የመዘፍዘፊያውን ውሃ ከሌላው ይለያል? ክሮሙን ለብቻው ይሰበስባል? የባክቴሪያ ገንዳው በእርግጥ ይሠራል ወይስ የሚታየው ለጎብኚ ብቻ ነው? ሬዚን ካለውስ የታጠበበት ውሃ የት ይሄዳል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ፋብሪካ ዛሬ ጥሩ ዋጋ ቢሰጥም ነገ የመዘጋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ለእርሱ ረጅም ዱቤ መስጠት አይመከርም።

በራሱ በኩል ደግሞ ነጋዴው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ እንስሳት ሊታረዱ ሲሉ የመዥገር መድኃኒት እንዳይረጩ መጠንቀቅ፤ መድኃኒቱ በጸጉሩ ላይ ይቀርና ከመዘፍዘፊያው ውሃ ጋር ይወርዳል፤ ከዕርድ በፊት መቆየት ያለበት ጊዜ ካልተጠበቀም ሥጋው ላይ ችግር ያመጣል። ሁለተኛ፣ ጨው ሲገዛ ንጹሕና መጠነኛ ደቃቅ የሆነውን መርጦ በልኩ መበተን። ቆሻሻ ጨው ብዙ ቢበተንም አያድንም። ሆኖም ጨው ለመቆጠብ ብሎ ከልክ በታች ማድረግ ሌጦውን ያበሰብሰዋል፤ የበሰበሰ ሌጦ ደግሞ ለፍሳሹም የባሰ ነው።

ከብት ከማጠጣት ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። የሞጆ ወንዝ ወደ አዋሽ የሚገባ ነው፤ በዚህ ዓይነት ወንዝ ዳር እንስሳ የሚያሳርፍ ነጋዴ ውሃው ቀለም የለውም ብሎ ብቻ ማጠጣት የለበትም። ሬዚን ቀለሙንና ፌኖሉን ቢያወጣም የውሃውን ጨው አያወጣም፤ የጠራ ውሃ እጅግ ጨዋማ ሊሆን ይችላል። በሊትር ከ10 ሺህ ሚሊ ግራም በላይ የሟሟ ጨው ያለበት ውሃ ለማንኛውም ከብት አይመከርም፤ ከዚያ ባነሰውም ቢሆን የለመዱት ካልሆነ እንስሳት ውሃ ይቀንሳሉ፣ ክብደት ይጥላሉ። ጨውነቱን የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ገበያ ላይ አለ፤ በጋራ ቢገዛ ለአንድ ማኅበር ነጋዴዎች ከባድ ወጪ አይሆንም።

ሬዚን ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ባክቴሪያ ያልቻለውን ያወጣል፣ ታጥቦ ይመለሳል። ዋጋው የሚቀለው ግን ከሲሊንደሩ በፊት ያለው ሥራ በደንብ ሲሠራ ነው። የዚያ ሥራ መጀመሪያ ደግሞ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሳይሆን እንስሳው በሚገፈፍበትና ሌጦው ጨው በሚበተንበት ቦታ ነው።